በር ከምን ይሠራል?
ስለ ጭልሞ ጥድ፣ ስለ ደጅና ስለ ባለ ደጅ

ጊንጪ ከተማ ውስጥ የግቢ በር ላሠራ ብሎ የተነሣ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ምክር ይሰማል። አናጢው «ጥድ ካገኘህ ሌላ አትፈልግ፤ ምስጥ አይደፍረውም» ይለዋል። ባለ ብየዳ ቤቱ «ዘመኑ የብረት ነው፤ ላሜራ በአንግል ወጥረን እንሠራልሃለን» ይለዋል። ከገጠር ለገበያ የመጡ ሽማግሌ ደግሞ ሁለቱንም ሰምተው «ልጄ፣ መዝጊያውን ቆይተህ ታስብበታለህ፤ መጀመሪያ ምሰሶህን ወይራ አድርግ» ይሉታል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ይህ የአናጢና የብየዳ ወሬ የታሪክ ተማሪን ምን ያገባዋል? በጣም ያገባዋል እንጂ! ሰው በሩን ከምን እንደሚሠራ የሚወስነው የእንጨቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ዛፉ የማን ነው? መሬቱ ላይ እስከ መቼ እቆያለሁ? በሩስ የሚከለክለው ጅብን ነው ወይስ ሰውን? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ በር ያቆመ ሰው በታሪካችን የለም። ስለዚህ ከደጃፍ ተነሥቶ ወደ መሬት ሥሪት፣ ከመሬት ሥሪትም ወደ ጭልሞ ደን መድረስ ይቻላል። እስቲ በዚያው መንገድ እንሂድ።

ሀ. ደጅ በቋንቋችን

የሀገራችን የሥልጣን ቋንቋ ከደጃፍ ብዙ ነገር ወስዷል። ደጃዝማች ማለት የደጅ አዝማች ነው። አጋፋሪ እንግዳ አስገቢና አስወጪ ነው። እልፍኝ አስከልካይ ሥራውን በስሙ ይናገራል። ከታች ያለው ሰው ደግሞ ደጅ ይጠናል፤ መሬት ለማግኘት፣ ሹመት ለመለመን፣ ፍርድ ለመጠየቅ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን፣ በሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። አንዱ በር በመጠበቅ ይሾማል፤ ሌላው በር በመጠበቅ ያረጃል።

የጎንደር የፋሲል ግቢ አጥር 12 በሮች ነበሩት። ስማቸውን ብቻ መጥራት የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት እንደ መተረክ ነው፤ ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ ባልደራስ በር፣ እንቢልታ በር እያለ ይቀጥላል። ዳኛው በአንዱ፣ የፈረሰኛው አለቃ በሌላው፣ ነፊው በሦስተኛው ይገባል። ሐረርን ብንወስድ ደግሞ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። ለመኪና የሚሆነው ሰፊው በር የተከፈተው በኋላ ዘመን ነው። ነጋዴው ከየትኛው አቅጣጫ እንደ መጣ በገባበት በር ይታወቃል።

ወደ ምዕራብ ሸዋ ስንመለስ ሌላ ትርጉም እናገኛለን። በኦሮምኛ ባልበላ ማለት በር ነው። ይኸው ቃል የጎሣን ንዑስ ቅርንጫፍም ይጠራል። ማለትም በአንድ በር የወጡ ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው። እዚህ ላይ በር ማገጃ ሳይሆን መቁጠሪያ ሆነ። የግቢና የከብት በር ደግሞ ካራ ይባላል። ቆሬ ማለት እሾህ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል ካራ ቆሬ የሚለውን የሰፈር ስም በየቀኑ የምንጠራ ሰዎች ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን እንደምናስቀምጥ ልብ አንለውም፤ በር፣ እሾህ።

ለ. እሾህ፣ እንጨት፣ ድንጋይ

የመጀመሪያው የደጋ ገበሬ በር በእርግጥም እሾህ ነበር። ከብቱ ከገባ በኋላ የተቆረጠ ቀጋ ወይም አጋም በአጥሩ ክፍተት ላይ ይጎተታል፣ አለቀ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ አናጢ አይጠይቅም፣ ጅብም አይደፍረውም። ጉድለቱ በየማታውና በየጧቱ እጅን መውጋቱ፣ ሲደርቅም መርገፉ ነው። ከዚህ ከፍ የሚለው ሁለት ወፍራም ምሰሶ አቁሞ፣ ቀዳዳ አበጅቶ፣ አግዳሚ እንጨት እየወረወሩ መዝጋት ነው። መወርወሪያ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው።

እውነተኛ መዝጊያ የሚባለው ግን ሳንቃው ነው። የድሮው ጠራቢ ከአንድ ትልቅ ግንድ፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ አንድ ወጥ ሳንቃ ያወጣል። በአንዱ ጎኑ ላይና ታች ጉጥ ያስቀርለታል። ጉጦቹን በጉበኑና በመድረኩ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባቸዋል። በሩ በራሱ አካል ላይ ይዞራል። ማጠፊያ የለው፣ ምስማር የለው! ይህ ብልኀት የመጣው ከብረት እጦት ነው። ብረትን የሚቀጠቅጠው ሰው በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ቡዳ እየተባለ፣ በኦሮሞው ዘንድም ቱምቱ ተብሎ ለብቻው ተለይቶ፣ ከማኅበራዊ ኑሮ ዳር ተገፍቶ የኖረ ነው። ማረሻውን ይፈልጉታል፤ ከማዕዱ ግን ይሸሹታል። እንዲህ የተጠላ ሙያ በየደጃፉ ማጠፊያ ሊያዳርስ አይችልም ነበር።

ጠራቢው እንጨት ሲመርጥ የሚያውቀውን ያውቃል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ረጅም ዘመን ይቆያል፤ ስለዚህ ለምሰሶ ነው። ጥድ ቀላል፣ ቀጥ ያለ፣ ለፍልጥ የሚመች ነው። ቀዩ ልቡ መልካም ሽታ ያለው ዘይት ስላለበት ምስጥና ብስባሴ ይፈሩታል፤ ስለዚህ ለአጥርም፣ ለመቃንም፣ ለመዝጊያም ይሆናል። ዋንዛ ደርቆ ብዙም አይጣመምም፤ ስለዚህ ከበሮም፣ ሳንቃም ይሆናል። ዝግባ ለመጋዝ የዋህ ነው፤ ሲላግ ያምራል፤ ዝናብና አፈር ካገኘው ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ለቤት ውስጥ እንጂ ለውጭ በር አይመረጥም። ሽማግሌው «መጀመሪያ ምሰሶህን» ማለታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ በር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከመዝጊያው ሳይሆን ከምሰሶው ነው። ምሰሶውም የሚበሰብሰው በጥልቅ ከተቀበረው ጫፍ ሳይሆን እርጥበትና አየር ከሚገናኙበት፣ ከአፈሩ ገጽ ላይ ነው። ለዚህ ነው ገበሬ የምሰሶውን ሥር በእሳት ለብልቦ፣ ዙሪያውን ጠጠር ጠቅጥቆ የሚተክለው።

እሾህ፣ እንጨትና ድንጋይ በአንድ ላይ የተፈተኑበትን ቀን ታሪክ መዝግቦልናል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ። ዐፄ ቴዎድሮስ የተጠጉበት አምባ መግቢያ ቆቂት በር ይባል ነበር። በግንብ የታቀፈ የእንጨት መዝጊያ ነበረው፤ ከኋላውም ድንጋይ ተቆልሎበት ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲሶች በሩን ሊያፈርሱ ሲደርሱ ማፍረሻ ባሩዳቸውን ረስተው መጥተው ተገኙ። ታዲያ በሩ አዳነ? አላዳነም። ወታደሮቹ ከበሩ ጎን ዝቅ ያለ ሥፍራ ፈልገው፣ በካብና በእሾህ አጥር ላይ ተንጠላጥለው ገቡ። በሩ በራሱ ቆሞ ነበር፤ አምባው ግን ተያዘ። ንጉሠ ነገሥቱም ሁለተኛው በር ዘንድ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከጦርነቱ ታሪክ ወደ ግቢ በር ስንመለስ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በር ከአጥሩ በላይ ሊጠነክር አይችልም።

ሐ. ጥዱ የማን ነበር?

እስካሁን ስለ እንጨት ጠባይ ተናገርን። አሁን ስለ እንጨት ባለቤት እንናገር።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር የእንጦጦና የአካባቢው ዛፍ በማገዶና በቤት ሥራ ፈጥኖ አለቀ። ምኒልክ እንጨት ፍለጋ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አሰቡ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዚያ የቀረች ናት። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ዛሬ ያለችበት እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች ዋናው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ አደገ፣ ማገዶ ሆነ፣ ማገር ሆነ፣ የአጥር እንጨት ሆነ። መንግሥት በዛፍ ምክንያት ሊሄድ ተነሣ፤ በዛፍ ምክንያት ቀረ። ከአዲስ ዓለም ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጊንጪ፣ ከበስተሰሜኗ ያለው ጭልሞም በዚህ ታሪክ መስመር ላይ ናቸው። መንገድ በተሻሻለ ቁጥር የደኑ ጥድ ለከተማው መጋዝ እየቀረበ መጣ።

በባላባቱ ዘመን ባለ ጥድ በር መሆን ማለት ባለ መሬት መሆን ማለት ነበር። ጭሰኛው ጥድ ጠፍቶበት አልነበረም፤ ከዐይኑ ፊት ቆሞ ያየዋል። ግን በማን መሬት ላይ፣ ለየትኛው ዘመን ይሥራበት? ጌታው በወደደ ቀን «ልቀቅ» ሊለው ይችላል። የተከለው ዛፍ፣ ያቆመው አጥር ለባለ መሬቱ ይቀራል። እንግዲህ ነገ የሚነሣ ሰው ዛሬ ወይራ ምሰሶ ለምን ይቀብራል? እሾህ ይጎትታል እንጂ። የጭሰኛን ቤት ደሳሳ፣ በሩን እርግጥ ያለ አለመሆኑን አይቶ ገበሬውን ሰነፍ ያለ ብዙ ሰው አለ። ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነበር! የማይበሰብስ እንጨት የሚያስፈልገው ቢያንስ እስኪበሰብስ ለሚቆይ ሰው ነው።

በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር የዚያ ዘመን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር። ስድስት ኪሎ ግቢ ራሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ደም ከፈሰሰበት በኋላ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አጋፋሪ ይቆምበት በነበረው በር የገበሬ ልጅ ደብተር ይዞ ገባ፤ በዚያው በር ወጥቶም ስለ አባቱ ደጃፍ ጠየቀ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ።

መ. ቆርቆሮና ብረት

በዚህ መሐል ሌላ ዕቃ ከባሕር ማዶ ገብቷል። የጂቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ቆርቆሮ፣ ምስማርና ማጠፊያ ከሰውና ከግመል ጀርባ ወርደው በፉርጎ መጡ። ምስማር ሲረክስ የድሮው ባለ ጉጥ ሳንቃ ሥራ ፈታ። አሁን ቀጫጭን ጣውላ ጎን ለጎን ደርድሮ መምታት ተቻለ። በርሜል ጠፍጥፎ በር ማድረግም የየከተማው ድሃ ፈጠራ ሆነ። የተናቀው የቱምቱ ሙያም በብየዳ ጭንብል ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ በአምቦ፣ በጊንጪና በሆለታ መንገድ ዳር ብልጭ የሚለው እሳት የእርሱ ወራሽ ነው።

ብረት በታሪክ ፊት ያለው ብልጫ አይካድም። የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ሻልማንሶር በ9ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከዝግባ እንጨት ታላላቅ በሮች አሠርቶ በነሐስ መቀነት አስጠብቋቸው ነበር። ባላዋት በተባለ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲገኙ እንጨቱ አፈር ሆኗል፤ ነሐሱ ግን ከነሥዕሉ ይናገር ነበር። የሚገርመው ቆፋሪው ሆርሙዝድ ራሳም መሆኑ ነው፤ ቴዎድሮስ ያሰሩት፣ መቅደላ ላይ የተፈታው ራሳም! የመቅደላን በር ከውስጥ ያየ ሰው የአሦርን በር ከመሬት አወጣ።

ቢሆንም ብረት አይሞትም የሚለው የባለ ብየዳው ፉከራ ነው። ቆርቆሮ ዝገትን የሚቋቋመው በላዩ በተለበጠው ዚንክ ነው። ሲበየድ ዚንኩ ይቃጠላል፤ ዝገትም ከዚያው ይጀምራል። ላሜራው በታች በኩል ጭቃና ውሃ የሚያቁር እጥፋት ካለው ክረምት በገባ ቁጥር ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ዝገቱ ሳይፋቅ የተቀባ ቀለምም ከመሸፋፈን በቀር አይረዳም። ከሁሉ በላይ ክብደቱ አለ። ሰፊ መዝጊያ የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይጎትታል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ስለዚህ ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ምሰሶው አብሮ መጠንከር አለበት። የእንጨት መዝጊያም ቢሆን እንዳይዘም ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ መቀርቀሪያው ራስ የሚወጣ ሰያፍ እንጨት ይፈልጋል። ሰያፉ በተቃራኒው ከተመታ ሥራ የለውም፤ ምስማሩን ብቻ ይነቅላል።

እዚህ ላይ የሀገሬው ድንጋይ ይመጣል። የአምቦ ድንጋይ የምንለው፣ በአዲስ አበባ ግንቦች ፊት ላይ የምናየው አሸዋማ ድንጋይ፣ ለጠራቢ የሚመች ነው። በሲሚንቶ ተያይዞ፣ መሐሉ ብረት ገብቶበት ምሰሶ ቢሆን ከወይራ የማያንስ ነው። ምስጥ አያውቀውም። ደግሞም ለአንድ ምሰሶ ተብሎ ስንት ዓመት ያደገ ወይራ አይወድቅም።

ሠ. የጭልሞ በር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጭልሞ በደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ በስተሰሜን፣ በማዕከላዊው ደጋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ የጥድ ደኖች አንዱ ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ አሁንም አብረው ይገኙበታል። ጉሬዛ ይዘልበታል። የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣባቸው ተራሮች አንዱ ነው። እዚያ የሚቆረጥ ጥድ ለአንድ ግቢ በር ይሆናል፤ የሚቀረው ጥድ ግን እስከ አፋር በረሃ ለሚወርድ ውሃ በር ጠባቂ ነው።

ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ትልልቆቹ ደኖች የመንግሥት ሆኑ። ጭሰኛ መሆን ቀረ፤ ገበሬው ለደኑ ግን ባይተዋር ሆነ። ትናንት «የባላባት ነው» የተባለው ጥድ ዛሬ «የመንግሥት ነው» ተባለ፤ በሁለቱም ጊዜ የገበሬው አይደለም። በ1978 ዓ.ም. በሸዋ የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ ቤት ሁሉ ፈርሶ ሌላ ሥፍራ ተሠራ፤ አዲስ ቤት ደግሞ አዲስ ምሰሶ፣ አዲስ ማገር፣ አዲስ በር ይፈልጋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም በብዙ የሀገሪቱ ክፍል ጠባቂው ሲጠፋ መጥረቢያው ገባ። ሰው የእኔ የማይለውን ነገር ጠባቂው ዞር ሲል ይወስደዋል። ክፋት ነው ብለን ብቻ ብናልፈው ታሪክን አልተማርንም።

የተሻለው ሙከራ በ1980ዎቹ መጨረሻ መጣ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በጭልሞ አሳታፊ የደን አስተዳደር አስጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጁ፣ ከመንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ፤ ደኑን ይጠብቃሉ፣ በልክም ይጠቀማሉ። ጉዳዩ በአጭሩ የበር ጉዳይ ነው። ቀድሞ ደኑን የሚዘጋው ከውጭ የመጣ ዘበኛ ነበር፤ አሁን መቀርቀሪያውን የያዘው ከውስጥ ያለው ሰው ሆነ። ከውስጥ የሚዘጋ በር ደግሞ ከውጭ ከሚዘጋ በር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ስምምነት ግን በቀላሉ የሚናጋ መሆኑ ታይቷል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲወጡ ካስቆጧቸው ነገሮች የአካባቢው ደንና የመጫወቻ ሜዳ ለባለሀብት የመተላለፉ ጉዳይ ነበር። ያ ተቃውሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ብዙ ሕይወት ጠፋበት፤ የሀገሪቱንም ፖለቲካ ለወጠ። ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ደን ጫፍ ተነሥቶ! አያቶቻችን ደጅ ጠንተው ያላገኙትን መልስ የልጅ ልጆች መንገድ ላይ ወጥተው ጠየቁ። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ ይህ ዛፍ የማን ነው?

እንግዲህ የጊንጪውን ባለ በር ምን እንመክረው? ምሰሶውን የአምቦ ድንጋይ ያድርግ። መዝጊያውን በደንብ በደረቀ ባሕር ዛፍ ጣውላ ከነሰያፉ፣ ወይም ውሃ በማያቁር ብረት ያሠራ፤ ዝገቱን እያስፋቀ ያስቀባ። ጥድ ካለ ደግሞ ማኅበሩ ፈቅዶ ያወጣው ይሁን እንጂ በሌሊት በአህያ ጀርባ የገባ አይሁን። ከጠባቂ ተደብቆ በመጣ ጥድ የራስን ደጅ ማጠንከር የጎረቤትን አጥር ነቅሎ የራስን እንደ ማጠር ነው።

ለኛ ለተማሪዎች የቀረው ሥራ ሌላ ነው። በየገጠሩ ከአንድ ግንድ የወጣ፣ በራሱ ጉጥ የሚዞር የዋንዛ ሳንቃ ዛሬም አልፎ አልፎ አለ። ለማገዶ ከመፈለጡ በፊት ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ እንለካው፣ እንሣለው፤ ማን ጠረበው፣ ዛፉስ በማን ፈቃድ ወደቀ ብለን ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ። የገበሬ ታሪክ በብራና አልተጻፈም፤ ከተጻፈባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ መዝጊያው ነው።